ዕረፍት የሚገባን ለምንድን ነው?

እህቶቼ፣ ወንድሜ አዲስ አበባ እንጨት ቤት ይሠራል። በላክሁለት ብር የመላጊያ ማሽኑን አሻሻለ። ድሮ ረጅሙ የብረት ምላጭ ሲዶለዱም ተፈቶ ይሳል ነበር። አሁን ትንንሽ፣ ባለ አራት ጠርዝ የካርባይድ ምላጮች ገጥሞበታል። አንዱ ጠርዝ ሲዶለዱም ብሎኑን ፈትቶ ምላጩን ማዞር ነው፤ አራቱም ሲያልቁ ጥሎ ሌላ መግጠም።

ለዕቃ ጥሩ ዘዴ ነው። ለሰውስ? እዚህ አል ገራፋ ብዙዎቻችን ዕረፍት ስንጠይቅ «ማዳም፣ ካረፍኩ በደንብ እሠራለሁ» እንላለን። ውሸት አይደለም። ግን በዚህ ሒሳብ ዕረፍታችን ምላጭ እንደ ማዞር ሆነ ማለት ነው። ታዲያ ጉልበቷ ያለቀ፣ አርፋም እንደ ድሮው መሥራት የማትችል እህታችን ዕረፍት አይገባትም?

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኳታር ሕግ ቁጥር 15 ለቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ከነክፍያው ዕረፍት ይሰጣል። «ጎበዝ ለሆነችው» አይልም።

ምላጭ የሚዞረው ለእንጨቱ ሲባል ነው። ሰው ግን ለሥራ ብቻ አልተፈጠረም፤ ለእናቱ ሊደውል፣ ሊጸልይ፣ ዝም ብሎ ሊተኛም ይገባዋል። ማዳምን ለማሳመን ያቺን ቃል ብንናገር ችግር የለውም፤ እኛ ራሳችን ግን አንመናት።