ትንሹን መከራ ስለ መታገሥ

ሰው ታላቁን መከራ ታግሦ በትንሹ ነገር የሚሸነፈው ስለ ምንድን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በየቤታችን፣ ይልቁንም በክረምት ወራት፣ በየዕለቱ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ልጁ የሞተበት ሰው ኀዘኑን በጨዋነት ተሸክሞ ሲያልፍ እናያለን። ያው ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ጣራው አፍስሶ መኝታው ስለ ረጠበ ብቻ ቤቱን በጩኸት ሲሞላው እንሰማለን። ታዲያ ያ ትዕግሥት ወዴት ሄደ? ይህን ነገር ጥቂት ልንመረምረው አስበናል፤ ምሳሌውንም ብዙዎች ደገኞች ወገኖቻችን ስሙን ሰምተው ኑሮውን ከማያውቁት ከገላባት አገር እናመጣለን።

ገላባት በሱዳን ወሰን ውስጥ፣ ከመተማ ማዶ የምትገኝ ከተማ ናት። ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው በበጋ የሚደርቅ፣ በክረምት የሚሞላ ወንዝ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ወደ ገዳሪፍ ያደርሳል። እኛ ይህን አገር የምናውቀው በታላላቅ ነገሮች ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው የወደቁት በዚሁ በመተማ ነው። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ገላባትን ከጣልያን እጅ ለማስለቀቅ ተዋግተውበታል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜም ብዙ ሺሕ ሰዎች ነፍሳቸውን ለማዳን ወደ ኢትዮጵያ የተሻገሩት በዚሁ በር ነው።

ነገር ግን የአንድ አገር ሰው ዕድሜ በታሪክ በተጻፉት ቀኖች ብቻ አያልፍም። ከአንዱ ታላቅ ቀን እስከ ሌላው ታላቅ ቀን ድረስ ያሉት ብዙ ሺሕ ቀኖች የሚያልፉት እሳት በማንደድ፣ ውኃ በመቅዳት፣ ጣራ በመክደንና ጭቃ በመጥረግ ነው። የሰውም ጠባይ የሚታየው በእነዚህ ቀኖች ነው።

እንግዲህ የዚያን አገር ክረምት እንመልከት። ምድሩ ቆላ ነው፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር አይደርስም። ዝናሙ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ አፈሩም ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይደርቅና እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ግን ውኃውን ጠጥቶ ያብጣል። አፈሩ ሲያብጥና ሲሸማቀቅ በላዩ የተተከለው ምሰሶ ይንቀሳቀሳል፤ ግድግዳው ይተረተራል፤ በበጋ ያለ ችግር ይዘጋ የነበረው በር በክረምት አልገጥምም ይላል። ከደጅ የገባ ሰው ሁሉ ጭቃውን በእግሩ ተሸክሞ ይገባል። ከገዳሪፍ ወደ ገላባት የሚወስደውም መንገድ አስፋልት ሳይለብስ በፊት በክረምት ለመኪና የማይታለፍ ነበር።

ወደ ቤት ውስጥ በገባን ጊዜ ደግሞ ችግሩ ይበዛል። እንጨቱ ርጥብ ነው፤ የእሳቱ ኃይል አስቀድሞ በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ውኃ በማትነን ስለሚያልቅ ነበልባሉ ቀርቶ ጢሱ ይበረታል፤ የምታነድደውም ሴት ዓይንዋ ያለቅሳል። ክብሪቱ ለዝቦ አልጭርም ይላል። ጨው የአየሩን እርጥበት ስቦ ይቀልጣል። የትናንቱ እንጀራ ይሻግታል፤ በጎታ ያለው ማሽላ ይነቅዛል። የታጠበው ልብስ ሳይደርቅ ይሸታል። ቡናውም ይዘገያል፤ ከወዲህም ከወዲያም በጀበና የሚፈላ ቡና ነውና እሳቱ ካልነደደ በሁለቱም አገር ሰው ይነጫነጫል። መጀመሪያው ዝናም በወረደ ማታ አሸን ከምድር እየፈላ ወደ መብራት ይጎርፋል፤ ክንፉንም በወጡ ውስጥ ያራግፋል። ሌሊት ሲሆን ቢንቢ በጆሮ ሥር ያፏጫል። በመጨረሻም የሣሩ ክዳን በአንድ ስፍራ ያፈስሳል፤ ያም ስፍራ ዘወትር ሰው የተኛበት ስፍራ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ከጦርነትና ከሞት ጋር ሲነጻጸር ምንድን ነው? ምንም አይደለም። ሆኖም በዚህ ምንም ባልሆነ ነገር ምክንያት ስንት ቤት ሰላሙን ያጣል! ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ብንፈልግ ሦስት ነገር እናገኛለን።

አንደኛው፣ ታላቅ መከራ ረዳትና ምስክር አለው። ሰው ሲሞት ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ኀዘንተኛውን ብቻውን አይተዉትም። የሚያጽናኑት ስላሉ ይጽናናል፤ የሚያዩት ስላሉም ራሱን ይገዛል። ጣራው ያፈሰሰበትን ሰው ግን ማንም «ያጽናህ» አይለውም። በጨለማ ተነሥቶ ምንጣፉን የሚጎትተው ብቻውን ነው፤ ቢቈጣም የሚያየው ቤተ ሰቡ ብቻ ነው። በመንገድ ሲያገኙት ትሑት፣ በሸንጎ ሲናገር አስተዋይ የሆነው ሰው በገዛ ቤቱ የሚያስፈራው ስለዚህ ነው። አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ሰው «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ብለውታል።

ሁለተኛው፣ ታላቅ መከራ ሲመጣ ሰው ኃይሉን ሁሉ ሰብስቦ ይቀበለዋል። ትንሹ ግን ሳይታሰብ ይመጣል፤ መጥቶም ይደጋገማል። አንድ ጠብታ ማንንም አይጎዳም። ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ስፍራ የሚወድቅ ጠብታ ግን እንቅልፍ ይነሣል።

ሦስተኛው ከሁሉ የባሰ ነው። በታላቅ መከራ ፊት ሰው ዝም የሚለው ተጠያቂ ስለማያገኝ ነው። በትንሹ መከራ ግን ሁልጊዜ ጥፋተኛ እንፈልጋለን። «ክብሪቱን እዚህ ያኖረው ማን ነው? እንጨቱን ከዝናም ያላገባው ማን ነው? በሩን ክፍት የተወው ማን ነው?» እንላለን። ፍለጋውም ከቤታችን ደጅ አያልፍም።

እዚህ ላይ የጥያቄአችንን ሥር እናገኛለን። ዝናምን መምታት አይቻልም፤ ደመናንም መክሰስ አይቻልም። ስለዚህ ቁጣው የሚችለውን ይፈልጋል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደ ተባለው፣ ባል በዝናሙ ተቈጥቶ በሚስቱ ላይ ይጮኻል፤ ሚስት ባልዋን ፈርታ ሠራተኛይቱን ትሰድባለች፤ ሠራተኛይቱ ሕፃኑን ትገፋለች፤ ሕፃኑም ውሻውን ይመታል። ውኃ ምንጊዜም ወደ ዝቅተኛው ስፍራ እንደሚወርድ፣ የቤት ቁጣም መልስ መስጠት ወደማይችለው ሰው ይወርዳል። በማለዳ ተነሥታ በርጥብ እንጨት እሳት ለማንደድ የምትታገለውን ልጅ እናስብ። ቁርሱ ስለ ዘገየ የሰደባት ሰው ከቀትር በፊት ነገሩን ይረሳዋል፤ ለእርሱ ትንሽ ነገር ነውና። እርስዋ ግን ለብዙ ዓመት ታስታውሰዋለች። እንግዲህ ያ መከራ ትንሽ ነበርን? ለጀማሪው ትንሽ ነበረ፤ ለተቀባይዋ ግን ትንሽ አልነበረም። ስለዚህ የጥቃቅን ነገር ክብደት የሚለካው በእኛ ላይ ባደረሰው ጉዳት አይደለም፤ እኛ ባሳለፍንበት ሰው ላይ በደረሰው ጉዳት ነው።

አንዳንድ ሰው ግን «ስለ ክብሪትና ስለ ጭቃ መጻፍ ምን ይጠቅማል? ስለ ታላላቅ ነገር መናገር አይሻልምን?» ይል ይሆናል። ለዚህ መልስ አለን። በ1933 ዓ.ም. በገላባት በተደረገው ውጊያ እንግሊዞች ካሰለፏቸው ታንኮች ብዙዎቹ የቆሙት በጠላት መድፍ ብቻ አልነበረም፤ በድንጋይና በፈንጂ ላይ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ነበር። ተራራ ያላቆመውን ድንጋይ ያቆመዋል። ማርቲን ሉተርም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1529 ዓ.ም. ባወጣው ትንሹ ካቴኪዝም የዕለት እንጀራ ምን እንደ ሆነ ሲያስረዳ ምግብን ብቻ አልቈጠረም፤ ጫማንና ቤትን፣ መልካም አየርንና ታማኝ ጎረቤትንም ጨምሮ ቈጥሯል። ጫማና አየር በጸሎት ውስጥ ስፍራ ካገኙ፣ በትዕግሥታችን ውስጥ ስፍራ ቢያገኙ የሚያሳፍር አይደለም።

ሌላው ደግሞ ከዚህ በተቃራኒ «እንግዲያውስ ሁሉን ዝም ብለን እንቀበል ማለት ነውን?» ብሎ ይጠይቃል። አይደለም። ትዕግሥትና ስንፍና በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በሥራ ግን ይለያያሉ። መጽሐፈ መክብብ በ10ኛው ምዕራፍ የቤትን ማፍሰስ የሚያያይዘው ከሰማይ ዝናም ጋር ሳይሆን ከሰነፍ እጅ ጋር ነው። በግንቦት ክዳኑን ያላደሰ ሰው በሐምሌ «ታጋሽ ነኝ» ቢል ማን ያምነዋል? እንጨቱን ከመሬት ከፍ አድርጎ መከመር፣ ጨዉን አየር በማያስገባ ዕቃ ማኖር፣ ፀሐይ በወጣ ቀን እህሉን ማስጣት፣ በቤቱ ዙሪያ ቦይ መቅደድ የትዕግሥት ሥራዎች ናቸው። «ሐምሌ ቢያባራ በጋ ይመስላል» ይባላልና፣ ጥቂት ያባራ ጊዜ ተታልሎ ሥራውን የሚያቆም ሰው የሚቀጥለው ዝናም ሲወርድ የሚቈጣው በራሱ ሊሆን ይገባል።

ስለ ቦይ ካነሣን ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። የገላባትና የገዳሪፍ ሜዳ ዝንባሌው ጥቂት ነው፤ ዋልካውም አንድ ጊዜ ከጠገበ ውኃን ወደ ውስጥ ቶሎ አያሰርግም። ከእኔ ግቢ በቦይ ያስወጣሁት ውኃ የጎረቤቴን ቤት ሊሞላ ይችላል። በዚህ ጊዜ እኔ ችግሩን አላራቅሁትም፤ ለሌላ ሰው አስተላለፍሁት እንጂ። ቁጣም እንዲሁ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ተመካክረው አንድ ቦይ ቢቀድዱ ግን ውኃው ወንዝ ይደርሳል፤ ሁለቱም ቤቶች ይደርቃሉ። ብዙ ትንሽ መከራ የሚፈታው ብቻ በመታገሥ ሳይሆን አብሮ በመሥራት ነው።

አሁንም አንድ ከባድ ነገር ይቀረናል። ትንሽ የሚመስል ሁሉ ትንሽ አይደለም። ቢንቢው ያፏጫል እንላለን፤ ነገር ግን ያው ቢንቢ የወባ በሽታን ያመጣል። በዚያ አገር ዋልካ ስንጥቅ ውስጥ የምታድር፣ ከቢንቢ እንኳ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ አለች፤ እርስዋም ካላዛር የሚባለውን፣ ካልታከሙት አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለውን በሽታ ታስተላልፋለች። በየዓመቱ ከደጋው ብዙ ወጣቶች ወደ መተማና ወደ ገዳሪፍ ለሰሊጥና ለማሽላ አረም፣ በኋላም ለአጨዳ ይወርዳሉ። በመተማ በኩል «ሳሉግ» ይሏቸዋል። ብዙዎቹ የሚያድሩት በእርሻው መካከል፣ በዳስ ውስጥ ወይም በሜዳ፣ ያለ አጎበር ነው። የአገሩን በሽታ ቀድሞ ያልለመደ ሰውነታቸውም ይበልጥ ይጎዳል። እንግዲህ ከእነዚህ አንዱ «ብርድ ልብሴ ረጠበ፤ ትንኙ አላስተኛኝም» ቢል፣ አሠሪው ደረቅ መኝታ ላይ ተቀምጦ «ታገሥ» ሊለው ይገባልን? ጦርነት ሸሽቶ ለመጣና በፕላስቲክ ሸራ ሥር ለተጠለለ ቤተ ሰብስ የጣራ ማፍሰስ ጥቃቅን ችግር ነውን?

ከዚህ የተነሣ አንድ ሕግ እናገኛለን። ትዕግሥት ሰው ከራሱ የሚጠይቀው ነገር ነው፤ በሌላው ላይ የሚጭነው ሸክም አይደለም። በእኔ ላይ የወደቀውን ጠብታ ትንሽ ነው ልለው እችላለሁ፤ በወንድሜ ላይ የወደቀውን ግን ትንሽ ነው ለማለት አልችልም፤ እርሱ ከሥሩ ሆኖ ያውቀዋልና። ይህን ሕግ የገለበጠ ሰው በራሱ ችግር ይጮኻል፤ በሌላው ችግር ግን ስለ ትዕግሥት ይሰብካል። ይህን የመሰለ ስብከት በቤታችንም ሆነ በእርሻችን እንዳይሰማ መጠንቀቅ ይገባናል።

ስለዚህ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ክረምቱ በደጅ ሳለ ሦስት ነገር በልባችን እንያዝ። ሊጠገን የሚችለውን ዝናሙ ሳይመጣ እንጠግን፤ ከመጣም በኋላ ሲያባራ እንጠግን። ሊጠገን የማይችለው በደረሰብን ጊዜ፣ ከመናገራችን በፊት ቃላችን በማን ላይ እንደሚወድቅ እንጠይቅ፤ የሚወድቀው መልስ መስጠት በማይችል ሰው ላይ ከሆነ ዝም እንበል። በመጨረሻም በሌሊት ጣራው ማፍሰስ በጀመረ ጊዜ ያፈሰሰበትን ስፍራ ማን ተኝቶበት እንዳለ እንይ። ሕፃን ወይም ሽማግሌ ወይም ሠራተኛይቱ ብትሆን ወደ ደረቁ ስፍራ እናዛውራቸው፤ ርጥቡንም ስፍራ እኛ እንውሰድ። ይህን ለማድረግ ብዙ ዕውቀት አያስፈልግም። ክዳኑን ደግሞ በማግሥቱ እንወጣበታለን።