ደግ ሰውም ልጓም ያሻዋል

ሰሞኑን ከአንድ ወዳጄ ጋር ሻይ እየጠጣን ስናወጋ፣ «ሕዝብን የሚጎዳው ክፉ መሪ ነው፤ ደግና የተማረ ሰው ከተገኘ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል» አለኝ። እኔ ግን ኪርጊዝስታንን አስታውሼ መስማማት አቃተኝ።

ይህች የመካከለኛው እስያ አገር እ.ኤ.አ. በ1991 ከሶቪየት ኅብረት ስትላቀቅ ጎረቤቶቿን ይመሩ የነበሩት የኮሙኒስት ፓርቲ አለቆች ነበሩ። የእሷ ፕሬዚዳንት አስካር አካዬቭ ግን ከሳይንስ አካዳሚ የመጡ የፊዚክስ ሊቅ ናቸው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በሞስኮ የተሞከረውን መፈንቅለ መንግሥት ተቃውመዋል። አገሪቱም «የዴሞክራሲ ደሴት» ተባለች።

ታዲያ ምን ተገኘ? በ1996 በሕዝበ ውሳኔ የእኚሁ ሊቅ ሥልጣን ሰፋ። ሕገ መንግሥቱ ከሁለት የሥልጣን ዘመን በላይ አይፈቅድም ነበር። በ1998 ግን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያው ዘመን አይቆጠርም ብሎ ለሦስተኛው በር ከፈተላቸው። በ2005 ሕዝብ ሲነሣባቸው አገር ጥለው ሸሹ። ተተኪያቸው ኩርማንቤክ ባኪዬቭም በ2010 ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ተባረሩ።

በዚያው ዓመት የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን የሚገድብ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። ነገር ግን ፖለቲከኞቹ በሽኩቻ፣ ባለሥልጣናቱ በሙስና ሲታሙ ሕዝቡ ሰለቸ። በ2021 ሳዲር ጃፓሮቭ ተመረጡ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ሥልጣኑን ለፕሬዚዳንቱ የሚመልስ ሌላ ሕገ መንግሥት በሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ። ድምፅ ለመስጠት የወጣው ከመቶ አርባ እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ ልብ እንበል። ልጓሙን የፈታው ሁልጊዜ ታንክ አይደለም። አንዳንዴ የሚፈታው በድምፅ መስጫ ወረቀት ነው፤ ቤቱ በቀረው ሰው ዝምታም ነው።

ለምናምነው ወንድማችን ገንዘብ ስናበድር እንጽፋለን፤ ምስክርም እንጠራለን። ይህን የምናደርገው ወንድማችንን ሌባ ብለን አይደለም። ነገ ችግር ቢገጥመውና ነፍሱ ብትፈትነው፣ ጽሑፉ እሱንም እኛንም ስለሚጠብቅ ነው። ሥልጣንም አማና ነው፤ ለዚያውም ከገንዘብ የከበደ። ታዲያ ለመቶ ብር ምስክር የምንጠራ ሰዎች አገርን ያህል ነገር ያለ ምስክር እንዴት እናስረክባለን?

ለወዳጄም ያልኩት ይህንኑ ነው፦ ደግ ሰው እንዲመጣ ዱዓ አድርግ። ሲመጣ ግን ደግነቱን አይተህ ልጓሙን አትፍታለት። ከእሱ በኋላ በዚያው ወንበር የሚቀመጠውን አታውቀውምና።