ዘመድ ያለው ይመዘገባል

«ወንድም ጋሼ፣ ገጹ እኮ ነጭ ነው» አለችኝ የአክስቴ ልጅ። የምትደውለው ከወልድያ ወጣ ብላ ካለች ትንሽ ከተማ ነው። የሥልጠናው ምዝገባ የሚያበቃው ደግሞ የዚያኑ ቀን ማታ።

«ሪፍሬሽ አድርጊው።»

«አራት ጊዜ አደረግኩት፤ ካርዴም እያለቀ ነው።»

ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ፎርሙ የሚጠይቀው ስም፣ ስልክ ቁጥርና የትምህርት ደረጃ ብቻ ነው። እኔ ግን ሁሉንም በጃቫስክሪፕት ነበር የሠራሁት። ሰርቨሩ ባዶ ገጽ ይልካል፤ ከዚያ ትልቅ የኮድ ፋይል ይወርድና ገጹን የሚገነባው ስልኩ ራሱ ነው። ፋይሉ መንገድ ላይ ከተቋረጠ ምንም ነገር አይታይም። በቢሮ ዋይፋይ ሲከፈት ግን እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ!

«ዛሬ ጃቫስክሪፕት የማይሠራለት ማን አለ?» እንባባላለን ዴቨሎፐሮች። የእኔም ገጽ የጎብኚ ቆጣሪ ማንም የለም ይለኝ ነበር። ለካ ቆጣሪው ራሱ የሚሠራው በጃቫስክሪፕት ነው። በሩ ያልተከፈተለትን ሰው እንዴት አድርጎ ይቁጠረው?

የብሪታንያ መንግሥት የዲጂታል አገልግሎት ቡድን በ2013 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በሌላ መንገድ ቆጥሮት ነበር። ከጎብኚዎቹ 1.1 በመቶው ጃቫስክሪፕቱ አልሠራላቸውም። ሆን ብለው ያጠፉት ወይም ብሮውዘራቸው የማይችለው ግን 0.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት 0.9 በመቶ ብሮውዘራቸው እየቻለ በሆነ ምክንያት ያልሠራላቸው ናቸው። ያውም እንግሊዝ አገር!

ስለዚህ ጥያቄው የኮድ ብቻ አይመስለኝም። ወጪውን ማን ይክፈል የሚል ጥያቄ ነው። እኔ ሥራዬን ለማቅለል አንድ መንገድ መረጥኩ፤ ዋጋውን እሷ በካርዷና በባትሪዋ ከፈለች። ስመርጥ ደግሞ ያማከራት የለም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ለጥቂት ሰው ብለህ ሥራህን ሁለቴ ልትሠራ ነው?» ይለኛል። ጊዜና ገንዘብ እንደሚጠይቅ አልክድም። የቪዲዮ ጥሪ ወይም ፎቶ ማስተካከያ ያለ ጃቫስክሪፕት ሥራ ቢባል እኔም እስቃለሁ። ማንበብ፣ ሊንክ መጫን፣ ፎርም ሞልቶ መላክ ግን ኤችቲኤምኤል ለብቻው የሚችለው ሥራ ነው። ሰው የግድ የሚያስፈልገው ነገር በዚያ ይሠራ፤ ጌጡ ከመጣ በኋላ ይምጣ፣ ካልመጣም ይቅር። እኔ አሁን የምሠራው እንደዚያ ነው።

የዚያን ቀን ማታ ዝርዝሯን በስልክ እየነገረችኝ በላፕቶፔ ሞላሁላት። «ተመስገን!» አለች። እኔ ግን ደስ አላለኝም። እሷ የተመዘገበችው ውስጥ ዘመድ ስላላት ነው። ምዝገባውን ኢንተርኔት ላይ ያወጣነው እኮ ዘመድ የሌለውም እንዲገባ ብለን ነበር።