ድብቅ በሽታ፣ ግልጽ ገበያ

በሰሜን ህንድ በባቡር የሚጓዝ ሰው ከተማ በተቃረበ ቁጥር ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ባሉት ግንቦች ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ማስታወቂያ ያያል። «ጉፕት ሮግ» ይላል፤ «ድብቅ በሽታ» ማለት ነው። ከሥሩ የሐኪም ነኝ ባዩ ስምና ስልክ ቁጥር ይከተላል። በሽታው ድብቅ፣ ማስታወቂያው ግን አንድ ባቡር ሙሉ ሕዝብ የሚያነበው! በዚህ ስም ከሚጠሩት ችግሮች አንዱ ወንድ በግንኙነት ጊዜ ዘሩን ካሰበው ቀድሞ ማፍሰሱ ነው። መድኃኒት አለን ከሚሉትም ብዙዎቹ የጥንቱን የህንድ ሕክምና፣ የአዩርቬዳን ስም ይዘው ነው የሚቀርቡት።

መድኃኒቱ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ለጊዜው እንተወው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ የሁለት ሰዎችን ችግር ከአንደኛቸው ደብቆ ማከም ተገቢ ነው ወይ?

አዩርቬዳን ከግንብ ማስታወቂያ ጋር አንድ አድርጎ መኰነን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ትምህርቱ ስምንት ክፍሎች አሉት፤ አንዱ «ቫጂካራና» ይባላል። ስሙ ከፈረስ የተገኘ ነው፤ ወንድን እንደ ድንጉላ ፈረስ ማበርታት እንደ ማለት ነው። «ቻራካ ሳምሂታ» የተባለው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ እንደሚለው፣ ዘር ቶሎ የሚፈሰው «ቫታ» የተባለው፣ በሰውነት ውስጥ እንቅስቃሴን የሚገዛው ኃይል ታውኮ በዘሩ ላይ ሲያድር ነው። ስለዚህም ሕክምናው ይህን ኃይል ማርጋት ይሆናል። ወተትና የተነጠረ ቅቤ ያለበት ምግብ፣ በዘይት መታሸት፣ በቂ እንቅልፍ ይታዘዛል፤ አሽዋጋንዳ የተባለው ሥርና ካፒካቹ የተባለው የባቄላ ዓይነት ፍሬም ይጨመርበታል።

እንደኔ እንደኔ የመጽሐፉ ቁም ነገር ከዕፀዋቱ ላይ አይደለም። ወንድን ከሚያነቃቁት ነገሮች ሁሉ የምትበልጠው፣ የሚወዳትና ልብ ለልብ የተግባባችው ሴት ናት ይላል። እርግጥ ነው፣ የተጻፈው ለወንድ ነው፤ ሴቲቱን ከመድኃኒት ተርታ መቁጠሩም ዛሬ ለጆሮ ይጎረብጣል። ቢሆንም መኝታ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች መኖራቸውን አልዘነጋም። የግንቡ ማስታወቂያ የሚያውቀው አንድ ወንድና አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው።

ነጋዴው የሚያተርፈው ከምኑ ነው? ከፍርሃቱ ነው። አዩርቬዳ ዘርን ሰውነት ከተገነባባቸው ሰባት ነገሮች የመጨረሻው፣ ከሌሎቹ ሁሉ ተጣርቶ የሚገኝ አድርጎ ያየዋል። ይህ ሐሳብ ወደ መንደር ሲወርድ አንድ ጠብታ ዘር የአርባ ጠብታ ደም ዋጋ አለው የሚል እምነት ሆነ። ይህን ያመነ ወጣት ዘሩ በፈሰሰ ቁጥር ዕድሜው የፈሰሰ ይመስለዋል። ናሬንድራ ዊግ የተባሉት ህንዳዊ የአእምሮ ሐኪም በ1960 እ.ኤ.አ. ይህን ሥጋት «ዳት ሲንድሮም» ብለው ሰየሙት። እንዲህ ያለ ሥጋት ያለባቸው ሰዎች ድካምና ጭንቀት ያማርራሉ፤ ብዙ ጊዜም ዘር ቶሎ መፍሰሱን ይጨምሩበታል። ጭንቀት ደግሞ ይህንኑ ችግር ያባብሳል። እንግዲህ ፍርሃቱን የሚዘራውም የሚያጭደውም አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው።

የህንድ ፓርላማ ነገሩን አልሳተውም። በ1954 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ የወሲብ ችሎታን ያሻሽላል እየተባለ መድኃኒት እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። ግንቡ ግን ዛሬም አልጸዳም። በጠርሙሱ ውስጥ ያለውም ቢሆን ሁልጊዜ ሥርና ቅጠል ብቻ አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ በየሱቁ ይሸጡ ከነበሩ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል።

ለመሆኑ «ቶሎ» ማለት ስንት ነው? በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የአምስት አገሮች ጥናት ጥንዶችን በሰዓት አስለክቶ ነበር፤ መካከለኛው ቁጥር አምስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሆነ። ሐኪሞች ከመጀመሪያው ጀምሮ የኖረ ችግር ብለው የሚቀበሉት በአንድ ደቂቃ ገደማ የሚያበቃውን፣ ሰውየው ሊቆጣጠረው የማይችለውንና የሚያስጨንቀውን ነው። ጠርሙስ ከሚገዙት መካከል ሕመምተኛ ያልሆነው ብዙ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። በእርግጥ ለታመመውም በዘመናዊው ሕክምና የሚታዘዙ ክኒኖች አሉ። ጄምስ ሴማንስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1956 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ እየጀመሩ እያቆሙ መቆጣጠርን የሚያስለምደው ዘዴ ግን ምንም አያስወጣም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚስትን ማወቅና መተባበር።

«ሰውየው አፍሯል፤ ለሚስቱ መናገር አልቻለም። ጠርሙሱ ልቡን ካሳረፈለት ምን ከፋው?» የሚል አይጠፋም። ኀፍረቱን አላቃልልም። ግን ዝምታው የእርሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ባሏ ጀርባውን ሰጥቷት ሲተኛ ምክንያቱን የማታውቅ ሴት የጠላት ይመስላታል፤ ጉድለቱንም ከራሷ ላይ ትፈልጋለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል የእኛ ሰው። ነጋዴው ይህን ገልብጦ «ደብቀህ ና፣ መድኃኒቱ ከእኔ ዘንድ አለ» ይላል።

የአዩርቬዳ አዋቂ ሁሉ እንዲህ ነው አልልም። ሕመምተኛውን አስቀምጦ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሐሳቡ ረጋ ብሎ የሚጠይቅ አለ፤ ምናልባትም ከሥሩ ይልቅ የሚፈውሰው ይህ ጥየቃ ይሆናል። እኔ ብሆን መድኃኒቱን ከመቀበሌ በፊት «ባለቤትህ ታውቃለች ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝን እመርጣለሁ፤ «አታውቅም» ስለው ጠርሙሱን ከእጄ ላይ መልሶ የሚወስደውን።