መሪው ስር ያለው አማና

 

የዛሬው ማስታወሻችን የሚነሳው ከጋራዥ ነው። ጥያቄው ግን ሁላችንንም ይነካል፦ ንብረቱ የራሴ ከሆነ፣ እጁም የራሴ ከሆነ፣ የፈለግኩትን መሥራት እችላለሁ? የት ድረስ?

እስቲ አንድ ወንድማችንን አስቡት። ቅጥቅጥ አለው። ቅጥቅጥ ስንል መጀመሪያ ለጭነት የተሠራ አይሱዙ ሆኖ፣ ሻንሲው ላይ እዚሁ አገር ቤት የአውቶቡስ ቦዲ ተቀጥቅጦለት፣ ወንበር ተደርድሮበት ሰው የሚጭነውን መኪና ነው። ባለቤቱም ሹፌሩም እርሱ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ወልድያ ይሠራል። ሰሞኑን መሪው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወደ ግራ ይስባል። የፊት ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ እየተበላ ነው። ጋራዥ ልውሰደው ቢል የእጅ ዋጋ አለ፣ የዕቃ ዋጋ አለ፣ መኪናው በቆመበት ቀን ደግሞ ገቢ የለም። ስለዚህ ማታ ክሪክ ያስገባል፣ ጎማውን ይፈታል፣ ከስር ይገባል። "የራሴ መኪና፣ የራሴ እጅ፣ ማን ምን አገባው?" ይላል።

ይህን ሰው ለመኮነን አንቸኩል። በእጅ መሥራት በዲናችን ክብር ያለው ነገር ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቃ፣ ጫማቸውን ራሳቸው ይጠግኑ፣ ልብሳቸውንም ራሳቸው ይሰፉ እንደነበር ተናግራለች። ነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ) ንጉሥ ሆነው ሳለ የሚበሉት ከእጃቸው ሥራ እንደነበር ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ተነግሮናል። ስለዚህ እጁ በግሪስ የጠቆረ ሰው አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለውም።

ነገር ግን የዳውድን ታሪክ እስከ መጨረሻው እናንብበው። በሱረቱ ሰበእ አላህ (ሱ.ወ) ብረትን እንዳለሰለሰላቸውና ጥሩር እንዲሠሩ እንዳዘዛቸው ይነግረናል። እዚያው ትእዛዙ ላይ አንድ ነገር ተጨምሯል፦ የቀለበቶቹን ልክ እንዲጠብቁ። ከቀደምት ሙፈሲሮች ይህን ሲያብራሩ፣ ቀለበቱን የሚያያይዘው ምስማር ቀጥኖ እንዳይላላ፣ ወፍሮም ቀለበቱን እንዳይሰብር ማለት ነው ያሉ አሉ።

የመኪና የፊት ክፍል የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል። የፊት ጎማ ግራና ቀኝ ሲታጠፍ የሚዞርበት ኪንግ ፒን የሚባል ወፍራም የብረት ፒን አለ። የሚቀመጠው ቡሽ ውስጥ ነው። ከላላ ጎማው ይንቀጠቀጣል፣ መሪው አቅጣጫ አይጠብቅም። ከጠበቀ ደግሞ መሪው ይከብዳል፣ ከታጠፈ በኋላም አይመለስም። ሙያው ያለው ልኩ ላይ ነው። አላህ ብረት ያለሰለሰለትን ነቢይ እንኳ "ልክ ጠብቅ" ካለው፣ እኛ በመዶሻና በግምት የምንሠራው ምን ይባላል?

ወንድሜ ሆይ፣ ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ የፊቱን ለምን እንደነጠልኩት ልንገርህ። ሞተር ቢጠፋ መኪናው ይቆማል። ዲናሞ ቢበላሽ ባትሪው እስኪያልቅ ሄዶ ይቆማል። ተሳፋሪው ያማርራል፣ ይመሻል፣ ሌላ መኪና ይፈለጋል። የመሪ ዘንግ ቢወልቅ ግን መኪናው አይቆምም፤ ይሄዳል። የሚመራው ግን የለም። ይህ የሆነው ሐረጎ ላይ ቁልቁል ሲወርድ ቢሆንስ? እዚያ ላይ "የራሴ መኪና" የሚለው ቃል ትርጉሙን ያጣል። መኪናው ያንተ ነው፤ ውስጡ ያለው ነፍስ ግን ያንተ አይደለም።

ኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን የመርከብ ሐዲስ ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። ሰዎች መርከብ ላይ ዕጣ ተጣጣሉ፤ ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከታች ደረሰው። ከታች ያሉት ውሃ ሲፈልጉ ወደ ላይ እየወጡ ከላይ ባሉት ላይ ያልፉ ነበር። ኋላ ላይ በራሳችን ድርሻ ብንበሳና የላይኞቹን ባናስቸግር ብለው አሰቡ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የላይኞቹ ዝም ካሏቸው ሁሉም እንደሚጠፉ፣ እጃቸውን ከያዟቸው ግን ሁሉም እንደሚድኑ አስተማሩ።

አስተውል፤ የታችኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ቦታው በዕጣ የደረሳቸው የራሳቸው ነው። ሐሳባቸውም ሌላውን ላለማስቸገር ነበር። ባለቤትነቱ እውነት ነው፣ ኒያውም ጥሩ ነው። ውሃው ግን ባለቤትነትንም ኒያንም አይጠይቅም። የቅጥቅጡ ባለቤትም እንዲሁ ነው። ለልጆቹ ሐላል ሪዝቅ ለማምጣት፣ ማንንም ላለመለመን ነው ከስር የገባው። ዳዶው ግን ኒያ አያውቅም። በልኩ ከጠበቀ ይይዛል፣ ካልጠበቀ ይፈታል።

ሌላም ነገር አለ። ተሳፋሪው ሒሳብ ከፍሎ ሲሳፈር የሚያየው ወንበሩን፣ መጋረጃውን፣ ቀለሙን ነው። ከስር ገብቶ የሚያይ የለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ከስሩ እርጥብ ሆኖ ያገኙበት ታሪክ በሙስሊም ተዘግቧል። ነጋዴው ዝናብ እንደነካው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእሳቸው እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ከስር መላላቱን እያወቅህ ከላይ ቀለም ቀብተህ ሰው መጥራት ከዚህ በምን ይለያል? ቦሎ መለጠፉም አያድንህም። መርማሪው ያየው የዚያን ቀን ነው፤ አንተ ግን ዛሬ ጠዋት መሪው ሲንቀጠቀጥ እጅህ ላይ ተሰምቶሃል።

"ታዲያ እኔ ራሴ መጠገን ሐራም ነው?" ትለኝ ይሆናል። አይደለም። ሚዛኑ ሌላ ነው። ሕክምና ሳያውቅ ሰውን ያከመ ሰው ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን አቡ ዳውድና ሌሎችም ዘግበዋል። ዑለማዎች ከዚህ ተነስተው ሁለት ሰዎችን ይለያሉ። አንዱ ሙያውን የሚያውቅ፣ የሚገባውን ሁሉ ያደረገ፣ ከዚያ በኋላ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር የደረሰበት ነው። ሌላው ሳያውቅ የገባ ነው። የሁለተኛው ጥፋት የሚጀምረው አደጋው ሲደርስ አይደለም፤ ዳዶውን መፍታት ሲጀምር ነው። አደጋ ባይደርስ እንኳ የማያውቀውን ነገር በሰው ነፍስ ላይ ሞክሯል።

ስለዚህ ጥያቄው ሰርተፍኬት አለህ ወይ አይደለም። ከብዙ ጋራዦች የበለጠ መኪናውን የሚያውቅ ሹፌር አለ። ጥያቄው በእርግጥ ታውቃለህ ወይ ነው። የፊት ጎማውን አንስተህ ከላይና ከታች ይዘህ ስትነቀንቀው ቢንቀሳቀስ፣ ችግሩ የኩሽኔታ ነው ወይስ የኪንግ ፒን? ረዳትህ ፍሬን ይዞልህ ነቅንቀው፤ መንቀሳቀሱ ከቆመ ኩሽኔታው ነው፣ ካልቆመ ኪንግ ፒኑ ሊሆን ይችላል። ግራና ቀኝ ይዘህ ሲነቃነቅስ የመሪ ዘንጎቹን ጫፎች ታያለህ? ዳዶው እንዳይፈታ የምትገባው ቀጭን ፒን ቀዳዳዋን ስታጣ፣ ዳዶውን ወደ ኋላ አላልተህ ታስገባለህ ወይስ ወደፊት አጥብቀህ ቀጣዩን ቀዳዳ ትፈልጋለህ? አሮጌዋን ፒን አቃንተህ ትመልሳለህ ወይስ አዲስ ታስገባለህ? የተሰነጠቀ የመሪ ዘንግ በብየዳ ይያዛል ብለህ ታስባለህ? ከጨረስክ በኋላ አላይመንቱን ታስለካለህ? እነዚህን በልበ ሙሉነት መመለስ የሚችል ሰው እጁን ይባረክለት። የማይችል ግን "አላውቅም" ማለት ራሱ ዒባዳ መሆኑን ይወቅ። ታላላቅ ዑለማዎች ስንትና ስንት ጊዜ "አላህ ያውቃል" ብለው ጥያቄ መልሰዋል! ሸሪዓ ላይ ይህን ማለት ካላሳፈረ ብረት ላይ ማለት አያሳፍርም።

አንዳንዱ ደግሞ "አላህ ነው የሚጠብቀው" ይላል። እውነት ነው፣ ከአላህ በቀር ጠባቂ የለም። ነገር ግን ግመሌን ሳላስር ተወኩል ላድርግ ወይ ብሎ ለጠየቀው ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡት መልስ መጀመሪያ አስሮ ከዚያ ተወኩል እንዲያደርግ ነበር። ይህ ለራስህ ነፍስም ይሠራል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር አትግባ። ጠንካራ መደገፊያ አድርግለት፣ የኋላ ጎማውን በድንጋይ ያዘው። ያንተም ነፍስ አማና ናት።

"አላሰብኩትም ነበር" የሚለውም ቃል ሁሉን አይዘጋም። በሱረቱ አን-ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ በስሕተት ነፍስ ያጠፋ ሰው ላይ የደም ካሳና ከፋራ ተደንግጓል፤ ባሪያ ነፃ ማውጣት ያልቻለ 2 ወር አከታትሎ ይጾማል። ዝርዝሩን ከዑለማዎች መጠየቅ ያስፈልጋል። ለእኛ ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ ሳይታሰብ የጠፋች ነፍስ እንኳ አላህ ዘንድ እንዲሁ የምትታለፍ አይደለችም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። "ገንዘብ የለኝም፤ መኪናው ከቆመ ልጆቼ ምን ይበላሉ?" ይህን የሚል ወንድም እውነቱን ነው፤ ችግሩን ማቃለል አይገባም። የፊቅህ ሊቃውንት ግን አንድ መርሕ አስቀምጠዋል፦ ችግር የሌላውን ሰው ሐቅ አይሽርም። የተራበ ሰው ነፍሱን ለማዳን የሌላ ሰው ምግብ ቢበላ ወንጀል የለበትም፣ ዋጋውን ግን ይከፍላል። የምግብን ዋጋ መክፈል ይቻላል። የተሳፋሪን ነፍስ ዋጋ ግን በምን ትከፍለዋለህ? ድህነትህ ያንተ ፈተና ነው፤ አደጋውን ሳያውቁ ለተሳፈሩት ሰዎች ማካፈል አትችልም።

መውጫው ግን "ሥራህን ተው" አይደለም። የምታውቀውን ራስህ ሥራ፦ ግሪስ መቀባት፣ ጎማ መፍታት፣ በየሳምንቱ ነቅንቆ ማየት። ይህ ብቻ ብዙ ወጪ ያድናል። የማታውቀውን ሲሠራልህ ከመካኒኩ ጎን ቆመህ ተማር። ራስህ ከሠራኸውም የሚያውቅ ሰው ዳዶ በዳዶ ይይልህ፤ ከዚያ ባዶውን ነድተህ ሞክረው፣ ተመልሰህም እንደገና ፈትሸው። ገንዘብ ካጠረህ ቀርደን ሐሰን ጠይቅ። እኛም ብንሆን እንዲህ ያለ ወንድም ሲጠይቀን "ዱዓ አደርግልሃለሁ" ብለን ብቻ አንለፈው። የላይኞቹ የታችኞቹን እጅ መያዝ አለባቸው ስንል፣ ውሃውንም ማቀበል አለባቸው ማለታችን ነው። ባለንብረት ሆነህ ሹፌር የቀጠርክም፣ "መሪው ይንቀጠቀጣል" ሲልህ "ይቺን ሳምንት ሥራበት" ካልከው ተጠያቂነቱ ወዳንተ ዞሯል። መካኒኩም "ይይዛል" ብሎ ሲሸኝ ምስክርነት እየሰጠ መሆኑን አይርሳ።

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ብዙዎቻችን ሱረቱል ከህፍን እንቀራለን። ሙሳና ኺድር (ዐ.ሰ) መርከብ ላይ የተሳፈሩበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ትንሽ ቆም በሉ። መርከቧ የሚስኪን ሠራተኞች ነበረች። ኺድር ሲበሷት ሙሳ ቃል የገቡትን ዝምታ ረስተው ጠየቁ። ያነሱት የእንጨቱን ነገር አልነበረም፣ የጥገናውን ወጪም አልነበረም፤ ተሳፋሪዎቿን ልታሰምጥ ነውን የሚል ነበር። ኺድር ያደረጉት አላህ ባሳወቃቸው ዕውቀት ነው። እኛ ዘንድ ያ ዕውቀት የለም። እኛን የሚመለከተን የሙሳ ጥያቄ ነው። መኪና ስር ያለኸውም፣ መርፌ የምትወጊውም፣ የሰው ቤት መብራት የምትዘረጋውም፣ መሣሪያ ከማንሳታችሁ በፊት ያቺን ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ።

አላህ ሆይ! የእጃችንን ሥራ ሐላልና የተስተካከለ አድርግልን። የማናውቀውን አሳውቀን፣ "አላውቅም" የምንልበትን ድፍረት ስጠን። በየመንገዱ ያሉ ወንድሞችና እህቶቻችንን በሰላም ለቤተሰባቸው አብቃልን። በአደጋ ላጣናቸው ምሕረትህን ለግሳቸው። ኣሚን።

በዛሬው ቀን በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛት አትርሱ። ጁሙዓ ሙባረክ!