ልክና መለኪያ

የኢኮኖሚ ዕድገት ለዘላቂ ልማት ያለውን ቅልጥፍና መመዘን በመሠረቱ የማካፈል ሥራ ነው። በአንድ ወገን አገሩ ያፈራው ሀብት ይቀመጣል፤ በሌላው ወገን በዚያ ሀብት የተገኘው ጤና፣ ትምህርት፣ ንጹሕ ውኃና ያልተራቆተ መሬት። ጥያቄው «ስንት አደገ?» ሳይሆን «ካደገው ስንቱ ለሰውና ለምድር ደረሰ?» የሚል ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆን መረጃ ሞልቶ የተረፈው አውሮፓ ነው። የተባበሩት መንግሥታት 17ቱን የዘላቂ ልማት ግቦች በመስከረም 2008 ዓ.ም. ካጸደቀ ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ ቢሮ ዩሮስታት 100 በሚደርሱ አመላካቾች የአባል አገሮቹን ጉዞ በየዓመቱ ይከታተላል። ተመራማሪዎችም በነዚህ ሰንጠረዦች ተነሥተው አገሮቹን በተርታ ያሰልፋሉ፤ ይህኛው ከዕድገቱ ብዙ አተረፈ፣ ያኛው አባከነ ይላሉ።

በኢትዮጵያም ክርክሩ አለ፤ መልኩ ግን ይለያል። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም.፣ መንግሥት ኢኮኖሚው በዓመት በአማካይ 10 በመቶ ገደማ ማደጉን ሲያስታውቅ የተቺዎቹ መልስ ዕድገቱ ሌማት ላይ አይታይም የሚል ነበር። ሁለቱ ወገኖች የተጨቃጨቁት ስለ አንድ ነገር አልነበረም። አንዱ ስለ ግብዓቱ ሲናገር ሌላው ስለ ውጤቱ ይጠይቅ ነበር። ለማካፈል የሚበቃ ቁጥር ግን አልጠፋም። ከብሔራዊው የድህነት መስመር በታች የሚኖረው ሕዝብ ድርሻ በ2003 ዓ.ም. 29.6 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 23.5 በመቶ ተብሎ ተመዝግቧል። በየዓመቱ 10 በመቶ የሚያድግ ነገር በአምስት ዓመት ውስጥ 61 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የድህነቱ ድርሻ የወረደው በ6.1 ነጥብ ነው። በግርድፉ ሲሰላ ለእያንዳንዱ አንድ በመቶ ዕድገት የአንድ ነጥብ አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ይህ ይብዛ ይነስ ቁጥሩ ራሱ አይናገርም። የሚታወቀው ከሌላ ጋር ሲተያይ ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከማን ጋር እንደሚተያይ ሲጠየቅ ነው።

ማይክል ፋረል እ.ኤ.አ. በ1957 ያነሣው፣ ቻርንስ፣ ኩፐርና ሮድስ እ.ኤ.አ. በ1978 ለሥራ ያበቁት ስሌት ይህን ጥያቄ በብልሃት ያልፈዋል። ከውጭ መስፈርት አያመጣም። ከሚነጻጸሩት መካከል ባነሰ ግብዓት የበለጠ ውጤት ያገኙትን ይለይና በነሱ ላይ ድንበር ይዘረጋል፤ የቀሩት ከዚያ ድንበር ባላቸው ርቀት ይመዘናሉ። ድንበሩ ላይ ያለ 1 ይሰጠዋል፤ ከ1 ያነሰ ያገኘው የጎደለውን ያህል እንዳባከነ ይቆጠራል። ስሌቱ መጀመሪያ የተፈተነው ትምህርት ቤቶችን እርስ በርስ ለማወዳደር ነበር። ኋላ ወደ ሆስፒታልና ወደ ባንክ፣ በመጨረሻም ወደ አገር ተሻገረ።

አማርኛ ለዚህ ሐሳብ የተስማማበት ቃል የለውም። «ቅልጥፍና» ፍጥነትን፣ «ብቃት» ችሎታን፣ «ቁጠባ» ማውጣትን መቀነስን ይጠራሉ። ለነገሩ የሚቀርበው ቃል ከቢሮ ሳይሆን ከጓዳ ይገኛል። ከጥቂት ዱቄት ብዙ እንጀራ የወጣ እንደ ሆነ እህሉ በረከተ ይባላል። ኢኮኖሚስቱ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ የየትኛው አገር ዕድገት እንደ በረከተ ማወቅ። የሚለየው በረከትን ለእግዚአብሔር ትቶ አለማለፉ፣ ከየት መጣ ብሎ መጠየቁ ነው።

በስሌቱ ላይ ከሚነሡት ተቃውሞዎች አንዱ በአጭሩ ያልፋል። መለኪያው አንጻራዊ ስለሆነ፣ ሁሉም ተወዳዳሪዎች ምድሪቱ ከምትችለው በላይ ቢያወጡ እንኳ ከመካከላቸው አንዱ 1 ማግኘቱ አይቀርም። ይህ እውነት ነው፤ ግን ማንኛውም ውድድር የሚጋራው ጉድለት ነው። የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ስሌቱ ሳያስበው ድህነትን ያሞግሳል የሚለው።

ነገሩን በመንዝ ጌራ ምድር ሁለት ቤቶች አስቦ ማየት ይቻላል። የአንዱ ቤት በጎች 6፣ የሌላው 30 ናቸው። በሁለቱም ቤት ሴቶቹ ጸጉሩን ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ባና ይሸምናሉ፤ የሁለቱም ልጆች ስምንተኛ ክፍል ጨርሰዋል፣ በሁለቱም ዘንድ በዓመቱ የታመመ የለም። ውጤቱ እኩል፣ ግብዓቱ አንድ አምስተኛ ስለሆነ ባለ 6 በጉ ቤት አምስት እጥፍ ቀልጣፋ ይሆናል። አሁን በአንድ የጥቅምት ሌሊት ውርጭ ወርዶ ገብሱን አኮማተረው እንበል። ባለ 30 በጉ ጥቂቱን ገበያ አውጥቶ እህል ይሸምታል። ባለ 6 በጉ ሁሉንም ሸጦ ክረምቱን ባዶ ደጅ ይዞ ይገባል፤ ወይም ስሙ በ1997 ዓ.ም. የመንዝና የግሼ ወረዳዎች ከገቡበት የሴፍቲኔት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በሰላሙ ዓመት ቅልጥፍና የተባለው ነገር ሌላ ስሙ ጥሪት ማጣት ነበር።

የስሌቱ ባለሙያዎች ይህን ሳያዩ አልቀሩም፤ የመጀመሪያ መልሳቸው መጠንን ማገናዘብ ነው። ባንከር፣ ቻርንስና ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሻሻሉት ስሌት ትንሹ ከትንሽ፣ ትልቁ ከትልቅ ጋር ይመዘናል። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን አዲስ ጉድ ያመጣል። በዚህ ስሌት ግብዓቱ ከሁሉ ያነሰው ተወዳዳሪ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ድንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ከሱ ያነሰ ግብዓት ያለው አቻ ስለሌለ የሚያስንቀው አይገኝም። ከ27ቱ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በነፍስ ወከፍ ገቢ መጨረሻ ላይ ያለው አገር በዚህ ሕግ 1 ያገኛል፤ ያገኘው ግን በመድኃኒቱ ወይም በትምህርት ቤቱ አይደለም፤ ከበታቹ ሰው በማጣቱ ነው። ከመንዝም 1 በግ ያለው ቤት እንዲሁ ይሸለማል።

ሁለተኛው መልስ ደረጃውን ትቶ ለውጡን መለካት ነው፤ ስንት ላይ እንዳለ ሳይሆን ዕድገቱ ስንት እንዳሻሻለ። ይህ ይሻላል። ይሁንና 40 ከመቶ የሚሆነው ሕፃን የተከተበበትን አገር ወደ 60 ማድረስና 97 የደረሰበትን ወደ 98 ማድረስ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በጤና ኬላና በኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይሠራል፤ የኋለኛው የቀሩትን ጥቂቶች በየቤታቸው መፈለግ ነው። ለውጥን የሚለካ ሰንጠረዥ ከታች የተነሡትን ሲያበረታታ ከላይ ያሉትን ሰነፍ ያስመስላል።

ሦስተኛው መልስ አቻን መርጦ ማወዳደር ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው ከሒሳብ ይወጣል፤ አቻን የሚመርጠው ቀመሩ ሳይሆን ሰው ነውና። የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ከሙኒክ በስተምሥራቅ ከምትገኘው ፋተርስቴተን ጋር እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ እኅትማማች ከተማ ናት። እኅት መባላቸው አቻ አያደርጋቸውም። ካርልሃይንስ በም የመሠረተው ሰዎች ለሰዎች ድርጅት በመርሐቤቴ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ በዓለም ከተማ የእናት ሆስፒታልን አቁሟል። በጀማ ገደል ማዶና ወዲህ ላለው ሕዝብ ይህ ትልቅ ውጤት ነው፤ የትኛው ዕድገት ያስገኘው ውጤት እንደሆነ ግን ሰንጠረዡ የሚያሰፍርበት ዐምድ የለውም። ገንዘቡ ከጀርመን ሕዝብ ኪስ የወጣ መዋጮ ስለሆነ እንደ መንግሥት ዕርዳታ ለጀርመን አይቆጠርም፤ የመርሐቤቴ ዕድገት ስላልወለደውም ስሌቱ ላይ ሲገባ መርሐቤቴን ያለ ግብዓት ያፈራች ያስመስላታል።

የተገላቢጦሹ ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል፤ ጉዳትም እንደ ዕርዳታው ድንበር ይሻገራል። አንድ የአውሮፓ አገር ፋብሪካዎቹን ዘግቶ ብረቱን ከውጭ ቢያስመጣ አየሩ ይጠራል፣ ውጤቱ ይወጣል፤ ጭሱ በሌላ አገር መዝገብ ላይ ይጻፋል። በመንዝ ይህ ከጣራ ላይ ይታያል። ጓሳ በሚባለው ሣር የተከደነ ቤት በቆርቆሮ ሲከደን ሣሩ ከሚበቅልበት ቦታ የሚታጨደው ይቀንሳል፤ ይህ ለሣሩ በጎ ነው። የቆርቆሮው ብረት የቀለጠበት ምድጃ ግን ከመንዝ አይታይም። ዕድገት ተፈጥሮን አዳነ የሚለው ዐረፍተ ነገር ለአጥቢያው እውነት ሆኖ ለዓለሙ ሐሰት ሊሆን ይችላል።

እስከዚህ የተነሡት ሁሉ መለኪያውን ስለ ማረም ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ጥያቄ በእርማት የሚያልቅ አይመስልም። አማርኛ «ለካ» ከሚለው ግሥ ጋር የሚዛመዱ ሁለት ስሞች አሉት። «መለኪያ» ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል፤ «ልክ» ደግሞ እስከየት እንደሆነ። ልኩን አለፈ፣ ልክ የለውም፣ ልክ ነህ ሲባል ቃሉ መጠንን፣ ወሰንንና ትክክለኛነትን ባንድ ይዞ ነው። ቅልጥፍና የመለኪያ ጉዳይ ነው፤ ዘላቂነት ግን የልክ ጉዳይ ነው። ማካፈል የቱንም ያህል ቢራቀቅ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው አያደርስም። እንግሊዛዊው ዊልያም ስታንሊ ጄቨንስ እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል በጻፈው መጽሐፍ ያስተዋለው ይህንኑ ነው፤ የእንፋሎት ሞተሩ ከሰልን በቁጠባ ባቃጠለ መጠን የአገሩ የከሰል ፍጆታ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ልክ ያለው አያያዝ ምን እንደሚመስል ለማየት የመንዙ ጓሳ ይበቃል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የዓባይና የአዋሽ ውኃዎች በሚለያዩበት ትከሻ ላይ የተዘረጋው ይህ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ቦታ ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛው ዝናብና ብርድ የሚከላከልበት ጌሳ ይሠራበታል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮም የሚኖሩት እዚያው ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቦታው የሚጠበቀው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነበር (ቃሉ በቅርብ ዓመታት በፖለቲካው ከገነነው ጋር አይገናኝም)። የአስቦና የጌራ ዘሮች አጽመ ርስታቸውን ቆጥረው ጓሳውን ይካፈላሉ፤ ሹም ይመርጣሉ፣ ተራ ገብተው ይጠብቃሉ፤ ከሦስት እስከ አምስት ለሚደርሱ ዓመታት ጨርሶ ይዘጉታል። በተከፈተ ጊዜ በበጋው መጨረሻ ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል፣ ያጭዳል፣ ያስራል፣ በአህያ ይጭናል፤ ከአጨዳው በኋላ ከብት ይገባል፤ ክረምቱ ሲገባ ጓሳው ተመልሶ ይዘጋል። የደፈረ ይቀጣል፤ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም።

ቄሮ ለእያንዳንዱ እስር ሣር ስንት ጥቅም ተገኘ ብሎ አልጠየቀም። የሚታጨድበትን ጊዜ ወሰነ፤ በጊዜው ውስጥ ሰው እንደ ጉልበቱ አጨደ። ባክኖ ይሆናል፤ ጓሳው ግን ዘለቀ። እንዲህ ያለ ወሰን በዘመናዊውም ፖሊሲ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው የአውሮፓ የልቀት ግብይት ለሚያቅፋቸው ዘርፎች ጠቅላላ ጭስ ጣራ ያበጃል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ያደረገችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም በነበረው አካሄድ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን ይደርስ የነበረውን ልቀት 150 ሚሊዮን ላይ ለመግታት ያቀደ ነበር። እነዚህ የልክ ቁጥሮች ናቸው፤ በምንም አይካፈሉም።

ይህ ሁሉ ግን ቄሮን ለማሞገስ ከሆነ ሚዛኑ ያጋድላል። ልኩን ያስከበረው ሥርዓት ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተቆጠረውን ከደጅ ያስቀረ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት ተሻረ፤ ከርስቱ ጋር ቄሮ ወደቀ፤ ተከልክሎ የኖረው ገበሬ መብት ሲያገኝ ጓሳው ጠባቂ አጣ። ከ17ቱ ግቦች እኩልነትን የሚመለከተው ወደ ፊት ሲሄድ ሥነ ምህዳርን የሚመለከተው ወደ ኋላ ሄደ። ሁለቱን ደምሮ አንድ ነጥብ የሚያወጣ ስሌት ለዚያ ዓመት ምን እንደሚሰጥ የሚወሰነው ለየትኛው ምን ያህል ክብደት በመስጠት ነው፤ ክብደቱን ደግሞ ዘሩ የተቆጠረውና ያልተቆጠረው እኩል አይሰጡትም። በኋለኞቹ ዓመታት የማኅበረሰቡ ኮሚቴ፣ የክልሉ ሕግና የፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበር ድጋፍ ጥበቃውን አድሰውታል፤ አጽመ ርስት ግን አልተመለሰም። ልክ ያለ ዘር ቆጠራ ሊከበር እንደሚችል ይህ አንድ ምልክት ነው፤ ከምልክት አልፎ ማረጋገጫ ለማለት ገና ነው።

እንግዲህ ለቅልጥፍናው ስሌት የሚቀረው ሥራ ከታሰበው ይጠባል። አንድን አካባቢ ከራሱ ካለፈው ጋር፣ ጥሪቱን ለብቻ መዝግቦ፣ ከውጭ የገባውንና ወደ ውጭ የተገፋውን ለይቶ ማስተያየት ይችላል። አገሮችን በተርታ ማሰለፉ አጠራጣሪ ነው። የዘመኑ ርዝመትም ያልተፈታ ነገር ሆኖ ይቀራል። ጓሳ በተዘጋባቸው ዓመታት በየዓመቱ የሚሞላ ሰንጠረዥ ቢኖር ኖሮ የሣሩ ምርት ባዶ፣ የጠባቂዎቹ ድካም ሙሉ ወጪ ሆኖ ይጻፍ ነበር፤ ሥርዓቱ እየሠራ በነበረበት ጊዜ መዝገቡ ብክነት ብሎ ያነበዋል። ለሣሩ አምስት ዓመት የሚያጠቃልል መዝገብ ይበቃል። ለገብስ ማሳው አፈር የሰው ዕድሜ አይበቃም። ቀይ ቀበሮው አንዴ ከጠፋ ደግሞ የሚከፈትበት ዓመት የለም። ዩሮስታት ሰንጠረዡን የሚያወጣው በዓመት አንድ ጊዜ ነው።