ድምፅሽን በቁርጥ አትሽጪ

ልጄ፣ የላክሽልኝን የሙዚቃ ድርጅቱን ውል ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ነገ ይፈረም እያሉ እንደሚያጣድፉሽም ጽፈሽልኛል። ነገ አትፈርሚ። አበው ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። ሰዎቹ ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ወረቀቱን ያዘጋጁት ግን ለራሳቸው ነው፣ ካንቺ ወገን ሆኖ የጻፈ ሰው አልነበረም። ዕድሜዬን በካሴት ሱቅ ውስጥ የፈጀሁ ሰው ነኝና ያየሁትን ልንገርሽ።

ገንዘቡ ዓይን ይስባል። ለቤት ኪራይና ለእናትሽ መድኃኒት እንደሚያስፈልግሽም አውቃለሁ። ነገር ግን ከገንዘቡ ዝቅ ብሎ ያለውን አንቀጽ ደግመሽ እዪው። ድምፁም ግጥሙም ዜማውም ክሊፑም «ለዘላለም፣ በመላው ዓለም፣ አሁን ባለና ወደፊት በሚፈጠር ማናቸውም ቴክኖሎጂ» የድርጅቱ ንብረት ይሆናል ይላል። ወደፊት ምን እንደሚፈጠር እነሱም አያውቁ፣ አንቺም አታውቂ። ዋጋው የማይታወቀውን ነገር ዛሬ በቁርጥ ዋጋ አስረክቢን እያሉሽ ነው።

በካሴት ዘመን እንዲህ ነበር። ድምፃዊው ሙዚቃ ቤቱ ይመጣል፣ በቁርጥ ይነጋገራል፣ ብሩን ተቀብሎ ይወጣል። ለባንዱና ለአቀናባሪው ከፍሎ ለራሱ የሚተርፈው ለጥቂት ወር ነበር። ብዙው ስምምነት ወረቀት እንኳ አልነበረውም፣ ያም ሆኖ ሁለቱም ወገን የሚያስበው ስለ ካሴት ብቻ ነበር። በኋላ ሲዲ መጣ፣ ከሲዲ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ዩቲዩብ። ዘፈኑ በደረሰበት ሁሉ ገንዘብ ያስገባል፤ ዘፋኙ ግን ሲታመም መዋጮ ይለመንለታል። እኔም ከሚያዋጡት አንዱ ነበርኩ። ሱቁ ውስጥ የዚያው ሰው ዘፈን ተከፍቶ ለሕክምናው በባርኔጣ ብር ስንሰበስብ የተሰማኝ ሐዘን እስካሁን አልለቀቀኝም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። የእነዚያ ሰዎች መብት በቃል ስለነበር ተረሳ። ያንቺው ግን ተጽፎልሻል፣ የተጻፈው ደግሞ ሌላ እንዲወርሰው ነው።

የሸክላ አሳታሚውን አምሃ እሸቴን አስቢው። ሸክላ ከውጭ ማስገባትም ሆነ ማሳተም ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ በ1961 ዓ.ም. ሊያስቀጣው እንደሚችል እያወቀ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ከዚያ በር የወጡትን ታውቂያቸዋለሽ፤ ዓለማየሁ እሸቴ አለ፣ ሙላቱ አስታጥቄ አለ። ይህን የምነግርሽ ለታሪኩ ብዬ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የሚለውን ተከታታይ አልበም ሲያወጣ የሚዋዋለው ሰው ነበረ፤ የዘፈኖቹ ባለቤት በስም ይታወቅ ነበር። የሙላቱ ሙዚቃ በ1997 ዓ.ም. «ብሮክን ፍላወርስ» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገብቶ ዓለም ያደመጠውም ከዚያ በኋላ ነው። ለአንድ የሸክላ ቅጂ ሠላሳ ዓመት አልፎ አዲስ ሕይወት ሊመጣለት ይችላል። ያ ቀን ሲመጣ ስምሽ በወረቀቱ ላይ ይኑር።

አሁን ያለው በር ጠባቂ ግን ንጉሥም ሹምም አይደለም። ዩቲዩብ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ «ኮንቴንት አይዲ» የሚለው ማሽን አለው። ድርጅቱ ቅጂውን ለማሽኑ ያስረክባል፤ ማሽኑ ሰው የሚጭነውን ሁሉ ከዚያ ጋር ያመሳክርና ከተመሳሰለ የማስታወቂያውን ገቢ ወደ ድርጅቱ ያዞራል፣ ወይም ቪዲዮውን ይዘጋል። እንዳንቺ ያለ ጀማሪ ማሽኑን በቀጥታ አያገኘውም፤ በአከፋፋይ በኩል ካልሆነ። እንግዲህ ይህን ውል ፈርመሽ የገዛ ዘፈንሽን በገዛ ቻናልሽ ብትጭኚ «የሌላ ሰው ንብረት ነው» የሚል መልእክት ይደርስሻል። በወረቀቱ መሠረትም እውነት ይሆናል።

ከዚህ የባሰ የሚያንገበግበኝ የሕዝብ ዜማ ጉዳይ ነው። አያቶቻችን በሰርግ፣ በአውደ ዓመት፣ በእርሻ ላይ ያዜሙትን አንዱ በኦርጋን አቀናብሮ ያስመዘግበዋል፤ ከዚያ የሌላው ሰው የሰርግ ቪዲዮ ድምፁ ይጠፋል። የዩቲዩብ የራሱ ደንብ የሕዝብ የሆነን ሥራ በዚህ ማሽን ማስያዝ አይፈቅድም፤ ማሽን ግን ደንብ አያነብም። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰብሽ ዝም አትበዪ፣ ተቃውሞ አስገቢ። ባለመብት ነኝ ያለው ወገን በ30 ቀን ውስጥ ካልመለሰ ጥያቄው ይወድቃል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። በጤፋችንም ያየነው ይኸንኑ ነው፤ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄትን በአውሮፓ በፓተንት አስመዝግቦ ስንት ዓመት ይዞት ቆየ። የሄግ ፍርድ ቤት በ2011 ዓ.ም. በዚያ አገር ውድቅ ያደረገው አንድ ሌላ ኩባንያ ተሟግቶ ነው። ያ ኩባንያ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ እንዳለ ይቀጥል ነበር።

እንግዲህ ምን ላድርግ ትይኛለሽ። አንቺ የግጥሙም፣ ከሁለተኛው ዘፈን በቀር የዜማውም ደራሲ ነሽ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 በዕድሜሽ ሙሉ፣ ካረፍሽ በኋላም ለ50 ዓመት መብቱን ያንቺና የወራሾችሽ አድርጎታል። ገንዘብ የሚያመጣውን መብት ብታስተላልፊ እንኳ ደራሲነትሽ እንዲታወቅ የመጠየቅ መብት ካንቺ ጋር ይቆያል። ስለዚህ ሽያጩን ወደ ኪራይ ለውጡልኝ በያቸው። አምስት ዓመት ይሁን፣ ከዚያ ይመለስልኝ። ከዩቲዩብም ከሌላውም ከሚገባው ድርሻዬ በመቶኛ ይጻፍ፣ ሒሳቡንም በየስድስት ወሩ ልየው። «ወደፊት በሚፈጠር ማናቸውም ቴክኖሎጂ» የሚለው ይሰረዝ። በምትኩ ድምፄን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስመስሎ ማዘፈን ያለ እኔ የጽሑፍ ፈቃድ የተከለከለ ነው የሚል ይግባበት። ይህቺን የመጨረሻዋን አደራ ብዬሻለሁ፤ ዛሬ ማሽን የሰውን ድምፅ ወስዶ ያልዘፈነውን ያዘፍነዋል። ወረቀቱን ደግሞ ለጠበቃ አሳዪ። ለጠበቃው የሚከፈለውን እኔ እሸፍናለሁ።

ማስተሩን ስቱዲዮ አትተዪው። የየመሣሪያው ትራክ ሳይቀር በሃርድ ዲስክ አስቀድተሽ አንዱን ቤትሽ፣ አንዱን እህትሽ ዘንድ አኑሪ። ቻናል በአንድ ቀን ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ዘፈኔ እዚያ ላይ አለ ማለት ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው። ብቻሽንም አትቁሚ። አዋጅ ቁጥር 872/2007 ባለመብቶች ተደራጅተው ሮያሊቲ የሚሰበስቡበትን መንገድ ከፍቷል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና ከሙያ ጓደኞችሽ ጋር ተመዝገቢ።

አንድ ነገር ደግሞ በአባትነት አስጠነቅቅሻለሁ። ሁለተኛው ዘፈንሽ ዜማው ያንቺ አይደለም፤ ጎንደር ካሉት አዝማሪ እንደተማርሽው ራስሽ ነግረሽኛል። «ዜማ» በሚለው ቦታ ላይ ስምሽን እንዳትጽፊ። «የሕዝብ» ብለሽ ጻፊ፣ ያስተማሩሽንም ሰው አመስግኚ፣ ካገኘሽው ላይም አካፍያቸው። ባንቺ ላይ እንዲደረግ የማትፈልጊውን በእሳቸው ላይ አታድርጊ።

ጠዋት ደውይላቸውና አሥር ቀን ጠይቂ። ከልባቸው የሚፈልጉሽ ከሆነ ይጠብቁሻል። አሥር ቀን ካልሰጡሽ ወይም የጊዜ ገደቡ አይጻፍም ካሉሽ ወረቀቱን መልሺላቸው፤ የእናትሽን መድኃኒት በተመለከተ እኔና አጎቶችሽ እንነጋገርበታለን።